ውርጭ የቀደመው ጦስኝ

ሐሙስ፣ ንጋት ላይ

ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ገና ሰው ከሰው አይለይም ነበር። ረዳቶቹ «ደብረ ብርሃን! የሞላ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ውስጥ ገብቼ ሳይ ግን ከእኔ ጋር አራት ሆነናል። ጥግ ይዤ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። እግሬ ሥር ሁለት ባዶ ጀሪካንና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጀሪካኖቹን አይተው «ጠበል ልትቀጂ ነው?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ ዘይት ፍለጋ ነው።»

«ዘይትማ ከዚህ ወደዚያ ነው የሚሄደው» ብለው ሳቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ክፍል ከሁለት ሴቶች ጋር ሆኜ የፀጉርና የመገጣጠሚያ ቅባት እሠራለሁ። ቅባቴ ሁለት ዓይነት ዘይት ይፈልጋል። አንዱ በብዛት የሚገባው፣ ከተልባ ወይም ከኑግ የሚጨመቀው ነው፤ ሌላውን ተሸክሞ ቆዳ ውስጥ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሁለተኛው በጠብታ የሚለካ ነው፤ ጦስኝ በእንፋሎት ተቀቅሎ የሚወጣው፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው። ሁለቱንም የማገኘው ከሰሜን ሸዋ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት ስልክ እደውላለሁ፣ በሚኒባስ ይላክልኛል፣ እቀበላለሁ። ስለ ዝናብ አስቤ አላውቅም፤ ዝናብ ለእኔ ጃንጥላ የምይዝበት ነገር ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን የጦስኝ ዘይት የምታወጣልኝ እትዬ አስካለ ከአንኮበር ደወለችልኝ። «ምሕረትዬ፣ ዘንድሮ ጦስኙ እንደ ጦስኝ አልሆነም» አለችኝ። ለገና ብዙ ቅባት ያዘዘችኝ ሮማን የምትባል ባለ ሱቅ አለች፤ ያ ትዕዛዝ ካልደረሰ ከእኔ ጋር የሚሠሩትን ሁለቱን ሴቶች ከበዓል በኋላ ምን ይዤ እንደማቆያቸው አላውቅም ነበር። ደንግጬ «እትዬ፣ በተገኘው ዋጋ ይሁን፣ ከየትም ይምጣ፣ ብቻ ይገኝ!» አልኳት። እሷም ዝም አለች። ዝምታዋ አላስተኛ ስላለኝ ነው ዛሬ ራሴ የተነሣሁት።

ሰንዳፋን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ፣ የጭድ ክምር፣ አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች። ከሩቅ ሲያዩት ጥጋብ ነው። ከአለልቱ በኋላ ግን አንዳንዱ ክምር ከላዩ ጠቁሯል። አዛውንቱ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀስረው «ከታጨደ በኋላ የዘነበበት ነው» አሉኝ። «ዝናቡ ጥቅምትን አልለቅም ብሎ፣ እህሉ እላዩ ላይ በቀለ።» ሸኖ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። በጾሙ ምክንያት የቅቤ ሻጮቹ ሰልፍ ሳስቷል፤ የቀሩትም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ብርዱ ከመናኸሪያው በር ላይ ይቀበላል። ከሚኒባሱ ወርጄ ትንፋሼን ሳየው እንደ ልጅ ሳቄ መጣ። ይህን ከተማ እወደዋለሁ። ፀሐዩ ጠንካራ፣ ጥላው በረዶ፣ ሰዉ ፈጥኖ ይራመዳል፣ ፈጥኖ ይስቃል። ባጃጅ ያዝኩና ወደ ጋሽ ተካ ዘይት መጭመቂያ ሄድኩ።

ጋሽ ተካ ከጠጅ ቤት ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንዲት መጭመቂያ አላቸው። ሌላ ጊዜ ስደውልላቸው ድምፃቸውን የምሰማው በሞተሩ ጩኸት መሐል ስለነበር ዛሬ ቤቱ ጸጥ ሲል ሌላ ቤት የገባሁ መሰለኝ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ክብ ነው፣ ኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል።

«ምሕረት አንቺ ነሽ? በድምፅሽ ወፍራም ትመስይኝ ነበር!» ብለው ተነሥተው አቀፉኝ።

«ማሽኑ ተበላሸ እንዴ ጋሽ ተካ?»

«ማሽኑ ደህና ነው ልጄ። ሰማዩ ነው የተበላሸው።»

ወደ ውስጥ አስገብተው አሳዩኝ። ጥግ ላይ ጥቂት ኩንታል ተልባ አለ። በእጃቸው ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱት። የማውቀው ተልባ የሚያብረቀርቅ፣ ከጣት የሚያመልጥ ነው። ይሄኛው ደብዛዛና ቀጭን ነው፤ አንዳንዱ ቅርፊት ብቻ።

«እዚህ ደጋው ላይ» አሉ፣ «ተልባው አብቦ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ አልቆምለት አለ። ተኛ። የተኛ ተልባ ደግሞ ፍሬው አይሞላም። ከዚህ አንድ ጆንያ ብጨምቅ የሚወጣው ዘይት የድሮውን ግማሽ አይሆንም። በዚያ ላይ ጾም ነው፤ የገባለት ሰው ለፍትፍቱ ያስቀምጠዋል እንጂ ለእኔ አያመጣም። ይፈረድበታል?»

«ኑጉስ?»

«ኑግ የሚመጣልኝ በአረርቲ በኩል ነው። እዚያ ደግሞ ዝናቡ ቶሎ ቆመ። ላይ አልሄድም አለ፣ ታች አልመጣም አለ። ኑጉ አበባ ላይ ሳለ ውኃ ጠማው።» ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ግንባራቸውን አሻሹ። «በር ላይ የቆሙትን አየሻቸው? በሬ የሚያደልቡ ናቸው። ከጨመቅኩ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ ፍለጋ ነው የሚመጡት። ዘይት ከሌለ ፋጉሎ የለም፤ ፋጉሎ ከሌለ የገናው በሬ ይከሳል። ሁሉም ነገር ተያይዟል ልጄ።»

ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ጀሪካን ኑግ ዘይት እየጎተቱ መጡ። በላዩ በከሰል «ምሕረት» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ከመጀመሪያው ጭምቅ ነው። ሌላ ኑግ እንደማይመጣ ሳውቅ ስምሽን ጻፍኩበት።»

ሌሎች ደንበኞች እንዳላቸው፣ ከእኔ የተሻለ የሚከፍሉም እንዳሉ አውቃለሁ። ጀሪካኑን በእጄ ዳሰስኩት። እሳቸውም ዓይናቸውን መለስ አድርገው «ሽሮ በልተሻል?» አሉ። ልጃቸው ያቀረበችውን ሽሮና ስልጆ አብረን በላን። ስልጆው አፍንጫዬን አቃጥሎ እንባዬን ሲያፈሰው ጋሽ ተካ ደስ አላቸው።

ማታ ያረፍኩበት ቤት ያለችውን ባለ ሻይ ቤት የጦስኝ ሻይ እንድታፈላልኝ ጠየቅኳት። «ቀረፋ ላድርግልሽ፤ ጦስኝ ዘንድሮ ገበያ ላይ ጠፋ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ ወደ አንኮበር

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ አንኮበር የሚሄደው ሚኒባስ ሲነሣ ሜዳው ነጭ ነበር። ውርጭ ነው። የገብሱ ቃርሚያ፣ የድንጋይ ካቡ፣ የበጎቹ ጀርባ ሳይቀር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሾፌሩ በላቸው የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው፤ መስታወቱን በእጁ እየጠረገ ይነዳል።

«ያምራል» አልኩት።

«ለሚያልፍ ሰው ያምራል» አለኝ። «ያንን ባቄላ አየሽው?»

ከመንገዱ ሥር አንድ ማሳ ባቄላ ቆሟል። ቅጠሉ እሳት እንደበላው ጠቁሯል።

«ዝናቡ ስለቆየ ዘግይተው ዘሩት። ዘግይቶ የተዘራ ዘግይቶ ያብባል። ውርጩ ግን ቀኑን አልለወጠም፤ በጊዜው መጣ። አበባ ላይ አገኘውና ጠበሰው።»

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ገደሉ ጫፍ ይጠጋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነቀሉ ተቀምጠዋል፤ ከበታቻቸው ደመና፣ ከደመናው በታች ቆላው በሰማያዊ ጭጋግ ተኝቷል። አንድ ወገን ዝናብ የበዛበት፣ ሌላው ወገን የጠማው አገር በአንድ ዕይታ ይታያል። ጎረቤላ ወርጄ ገብስ ቆሎ ገዛሁ፤ ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም ትዝ ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወረድኩ።

ዓርብ፣ ከቀትር በፊት፣ እትዬ አስካለ ቤት

እትዬ አስካለን በአካል ሳገኛት የመጀመሪያዬ ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ እጆቿ ትልልቅ የሆኑ ሴት ናት። ባሏ ቄስ ወልደ ሰንበት በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ ያን ሰዓት ለቅዳሴ ሄደው ነበር። ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝና «ይህን ዳገት በዚህ ጫማ ወረድሽው?» ብላ በጫማዬ ሳቀች።

ዘይት የምታወጣበትን ቦታ አሳየችኝ። ድንጋይ ጉልቻ ላይ የተቀመጠ የብረት በርሜል ነው፤ ከክዳኑ ቧንቧ ወጥቶ በውኃ ገንዳ ውስጥ ያልፋል። እናቷ አረቄ ሲያወጡ ያየችውን፣ ደብረ ብርሃን ያለ ብየዳ ሠራተኛ በብረት ሠራላት። ጦስኙ በርሜሉ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ሲያልፍ ጠብታ ይሆናል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል።

ከመደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አውርዳ ለብርሃን ያዘችው። ከሥሩ ሁለት ጣት የማይሞላ ወርቅማ ዘይት አለ።

«ሦስት በርሜል አፍልቼ ያገኘሁት ይኼ ነው» አለች። «ጦስኝ ዘይቱ አበባው ላይ ነው። አበባው ዘገየ፣ ውርጩ ቀደመው። ቅጠሉ ብቻ ቀረ። ቅጠሉን ባፈላው ዘይት ሳይሆን ሻይ ነው የሚወጣኝ።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ከፈትኩት። ሽታው ግን ያው ነበር፤ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ድንጋይና ፀሐይ የሚያስታውስ። ለሮማን ትዕዛዝ ከሚያስፈልገኝ ሩቡን እንኳ አይሆንም።

ከደጅ የአህያ ኮቴ ተሰማ። አንድ ረጅም፣ ከሲታ ጎልማሳ ሁለት ሙሉ ጆንያ ጭኖ ቆሟል። ጎረቤቷ ጌታነህ ነው። ጆንያዎቹን አውርዶ የአንዱን አፍ ፈታው። ጦስኝ ነው፣ ገና እርጥብ። ልቤ ዘለለ።

እትዬ አስካለ እጇን ከተተችና አንድ እፍኝ አወጣች። ከሥሩ አፈር ተከትሎ ወጣ።

«ነቀልከው?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ላድርግ እትዬ? በማጭድ ቢታጨድ ጆንያ አይሞላም፣ አጭር ነው።»

«ሥሩን ነቀልከው ጌታነህ?»

«ተልባዬን በረዶ ጣለው፤ ባቄላዬን ውርጭ በላው። ጓሮዬን አይተሻል።» ወደ እኔ ዞረ። «ደግሞ የአዲስ አበባዋ ሴትዮ በተገኘው ዋጋ፣ ከየትም ይምጣ ብላለች ሲሉ ሰምቼ ነው። እርስዎ ነዎት?»

እኔ ነበርኩ። ለአንዲት ሴት በስልክ የጮኽኩት ቃል ከሰው ሰው ተላልፎ መንደሩን ዞሮ፣ በዚህ ሰው እጅ ጦስኝ ነቅሎ፣ በአህያ ተጭኖ ፊቴ ቆሟል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አሁንም ልገዛው መፈለጌ ነው። «እትዬ፣ ለዘንድሮ ብቻ... አንዴ ከተነቀለ በኋላ...» አልኩ።

እትዬ አስካለ አልተቆጣችም። ክንዴን ይዛ «ነዪ» አለችኝ።

ከቤቷ በላይ ወዳለው ዳገት ወሰደችኝ። በግራ በኩል ጦስኙ በድንጋዮቹ መካከል እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ስንረግጠው ይሸታል። በቀኝ በኩል ሜዳው ራቁቱን ነው። አፈሩ በጎርፍ ተቦርቡሮ ቀይ ድንጋዩ ወጥቷል።

«እዚህም ነበረ» አለችኝ። «ሁለት ክረምት ሆነው። ነጋዴ መጣ፣ ጥሩ ዋጋ ሰጠ፣ ነቀሉለት። ሥሩ አፈሩን ይዞት ነበር። ዝናቡ ሲበረታ አፈሩ የሚይዘው አጥቶ ታች ማሳ ላይ ወረደ። የጌታነህ ማሳ ነው ታች ያለው።» ጎንበስ ብላ አንድ ጠጠር አነሣች። «ዘንድሮ የዘገየው ጦስኝ በሚቀጥለው ዓመት ያብባል። ይሄኛው ግን አያብብም።»

ጠጠሩን ከእጇ ተቀበልኳት።

ዓርብ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

ስንመለስ ቄስ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ ተመልሰው ከጌታነህ ጋር በር ላይ ተቀምጠዋል። መስቀል አሳለሙኝ። ታሪኩን ከጌታነህ ሰምተዋል መሰለኝ፣ ከጆንያው አንድ ሥር መዘው በጥፍራቸው ቧጨሩት። ውስጡ አረንጓዴ ነጭ ነው።

«አልሞተም» አሉ።

እትዬ አስካለ አየቻቸው። «መቼ ነው የነቀልከው?» አለች ጌታነህን።

«ዛሬ፣ ጤዛው ሳይደርቅ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይመለሳል።»

«ሁለት ጆንያ?» አለ ጌታነህ።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ» አሉ ቄሱ። «በሰንበት መሬት አንቆፍርም። እስከ ሰኞ ከቆየ ደግሞ ማገዶ ነው። ፀሐይዋ እስክትገባ ሦስት ሰዓት አለን።»

ለዘይቱ ይዤው የመጣሁትን ገንዘብ ለጌታነህ ልስጠው አልኩ፤ ቃሌን ሰምቶ ነውና የለፋው። ፊቱ ጨፈገገ።

«ለነቀልኩበት ነው የሚከፍሉኝ?» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ለምተክልበት ከሆነ እቀበላለሁ» አለ።

በዚሁ ተስማማን። በሶ በውኃ በጥብጠን ቆመን ጠጣንና ወደ ተራቆተው ሜዳ ዳገቱን ወጣን። ጌታነህ በዶማ ይቆፍራል፤ እትዬ አስካለ ሥሩን እየለየች፣ የረዘመውን ቅጠል እየቆረጠች ታቀብለኛለች፤ እኔ እተክላለሁ፣ አፈሩን በመዳፌ እጠቀጥቃለሁ። ቄስ ወልደ ሰንበት ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ ከምንጩ በጀሪካን ውኃ ያመላልሳሉ። ያ ጀሪካን የእኔ ነው፤ ተልባ ዘይት ይሞላበታል ብዬ ባዶውን ያመጣሁት።

መጀመሪያ ላይ በመስመር ልተክል ሞከርኩ። እትዬ አስካለ ሳቀች። «ጎመን አደረግሽው እኮ! ከድንጋዩ ጀርባ አድርጊው፤ ድንጋይ ቀን የሞቀውን ማታ ይሰጠዋል።» ከዚያ በኋላ ድንጋይ ፈላጊ ሆንኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ጥፍሬ ተሰበረ። አንዱን ጆንያ ጨርሰን ሁለተኛውን ስንፈታ ፀሐይዋ ገደሉ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ጌታነህ ደግሞ ያለማቋረጥ፣ ቀና ሳይል ይቆፍራል። አንዴ ብቻ ቆም ብሎ ወደ ታች ወደ ማሳው አየ።

«ይሄ ከያዘ አፈሩ አይወርድብኝም» አለ፤ ለማንም አላለውም።

ሁለተኛው ጆንያ አላለቀም። ከሩቡ በላይ ሲቀር ፀሐይዋ ገባች፤ ቄሱ ዶማውን ከጌታነህ እጅ ወሰዱ። የቀረውን እትዬ አስካለ በርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው፤ እንደማይተርፍ ግን ሁላችንም አውቀናል። በተከልነው ላይ ከውርጭ እንዲከልለው ጭድ በትነን ወረድን።

ቅዳሜ፣ መመለስ

ጠዋት ወገቤ አልታጠፍ አለኝ። እትዬ አስካለ ካለችው ጥቂት የጦስኝ ዘይት በጣቷ ነክታ በኑግ ዘይት ለውሳ አሸችኝ። የሠራሁትን ቅባት ለሰው ስሸጥ ኖሬ፣ ለራሴ ወገብ ሲታሽልኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ይሠራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ልሄድ ስል ከጦስኙ ዘይት ሌላ አራት ጠርሙስ የባሕር ዛፍ ዘይት ሰጠችኝ። «ዛፉ ትልቅ ነው፣ ውርጭ ምንም አላደረገውም። ሰው ግንዱን ቆርጦ ቅጠሉን ይጥለዋል፣ እኔ ለቅሜ አፈላዋለሁ። ሽታው ጦስኝ አይደለም። ጦስኝ ነው ብለሽ እንዳትሸጪው።»

ጎረቤላ ላይ የበላቸውን ሚኒባስ አገኘሁ። አፈር የበላውን ጥፍሬን አይቶ «ዘይቱ ከመሬት ነው እንዴ የሚወጣው?» አለኝ። ቆሎዬን አካፈልኩት።

ደብረ ብርሃን ላይ የጋሽ ተካን ጀሪካን አንሥቼ አዲስ አበባ ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ቤት ሳልገባ መንገድ ላይ ቆሜ ለሮማን ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ውርጩን፣ ሥሩን። የጦስኝ ቅባት የማደርስላት ካዘዘችኝ ከሩቡ ያነሰ ብቻ እንደሆነ፣ ከፈለገች የባሕር ዛፍ እንደምሠራላት። ተቆጥታለች፤ መቆጣቷም ልክ ነው። በመጨረሻ «ባሕር ዛፉን ግማሽ አድርጊልኝ፤ የቀረውን እናያለን» አለችኝ። ሁለቱን ሴቶች እስከ ጥር ለማቆየት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ልጀምር ስል እትዬ አስካለ ደወለች።

«ሌሊት ክፉ ውርጭ ጣለ» አለችኝ። «ውኃው ገንዳ ላይ እንኳ ረግቶ ነው ያደረው።»

«ጦስኙስ?»

«ከዳር ያለው ደርቋል። የመሐሉ ቆሟል።»

«ጭዱ አተረፈው?»

«ጭዱን ነፋስ ወሰደው። ጌታነህ ማታ ወጥቶ ብርድ ልብሱን አልብሶት ወረደ።»

«የራሱን?»

«አንድ ነው ያለው» አለች። «እሱ እኛ ቤት እሳት ዳር ተቀምጦ ነጋለት።»